የኖቬምበር የሚዩል ዲር አደን በኮሎራዶ፦ የሕዝብ መሬት ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት በኮሎራዶ ለሚኖሩ፣ የራሳቸው እርሻም ሆነ የሚያውቁት ባለ ራንች ለሌላቸውና በሕዝብ መሬት ላይ ሚዩል ዲር ለማደን ለሚያስቡ አንባብያን ነው። ሚዩል ዲር ጆሮው ትልልቅ፣ መቀመጫው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር የሆነ የምዕራብ አሜሪካ አጋዘን ነው፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ አጋዘን እንለዋለን። ቀኖችና ደንቦች በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ፣ የስቴቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን የደንብ መጽሔት ሳያነቡ መውጣት አይገባም።

የመጨረሻው ወቅት የሚባለው የትኛው ነው? ለመሬት ምርጫስ ምን ለውጥ ያመጣል?

በኮሎራዶ የጠመንጃ አደን በአራት ዙር የተከፈለ ሲሆን፣ አጋዘን በዋነኛነት የሚታደነው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባሉት ዙሮች ነው። ሁለተኛው በኦክቶበር መጨረሻ ይጀምራል፤ ሦስተኛው በኖቬምበር የመጀመሪያ አጋማሽ ዘጠኝ ቀን ያህል ይቆያል፤ አራተኛው ደግሞ ከታንክስጊቪንግ በፊት ያሉ አምስት ቀናት ብቻ ናቸው። እዚህ የመጨረሻ ወቅት የምንለው ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይደርሳሉ። በረዶው አጋዘኖቹን ከተራራው ላይ ወደ ታች ይገፋቸዋል፤ የስሪያ ወቅትም ስለሚገባ፣ በሴፕቴምበር ጥቅጥቅ ባለ ደን ተደብቀው የነበሩት ትልልቅ ወንዶች ሴቶቹን ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ገላጣ ላይ ይታያሉ። በመሆኑም በሴፕቴምበር ለቀስት አደን ጥሩ የነበረ ቦታ በኖቬምበር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የበጋ ልምድን ይዞ ወደ ብርድ ወራት መሻገር ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚያሳስት ነገር ነው።

ከ1999 ጀምሮ በኮሎራዶ የአጋዘን ፈቃድ በሙሉ የሚሰጠው በተወሰነ ቁጥር ሲሆን፣ ዋናው የዕጣ ማመልከቻ በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ መሬት የሚመረጠው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንደኛ፣ በማርች ቤት ቁጭ ብሎ የአደን ቀጠናውን፤ ሁለተኛ፣ በመጸው ወራት በቀጠናው ውስጥ ያለውን ተዳፋት። የመጀመሪያው ምርጫ ከተበላሸ ሁለተኛው አያድነውም። ታዋቂ ቀጠናዎች ለአራተኛው ዙር የብዙ ዓመት የቅድሚያ ነጥብ (ዕጣ ያልደረሰው አመልካች በየዓመቱ የሚያጠራቅመው ነጥብ) ይጠይቃሉ። ከዕጣ የተረፈ ፈቃድም አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ ነገር ግን የተረፈው ብዙውን ጊዜ ቀጠናው በአመዛኙ የግል መሬት ስለሆነ ነውና ከመግዛትዎ በፊት ካርታውን ይዘርጉ።

ቦታ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ ማየት ያለብኝ ምንድን ነው?

ከስፋቱ ይልቅ ከፍታውን ይመልከቱ። አዲስ አዳኝ ካርታ ሲዘረጋ ዓይኑ የሚያርፈው አረንጓዴ በተቀባው ብሔራዊ ደን ላይ ነው። በኮሎራዶ ይህ ደን ወደ 14.5 ሚሊዮን ኤከር ስለሚደርስ ሊያስደንቀን አይገባም። ነገር ግን ሰፊው ክፍሉ አጋዘኖቹ በሙቀት ወራት የሚሰማሩበት ከፍተኛ ቦታ ነው። በረዶው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ አጋዘን መራመድ ይከብደዋል፤ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ቦታውን ለቆ ይወርዳል። በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት ያ ሁሉ አረንጓዴ ስፋት ለእርስዎ ምንም ላይሆን ይችላል።

ከታች ደግሞ የሸለቆው ወለል አለ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ከወጣ በኋላ ወደ ምዕራብ የመጡ ሰፋሪዎች ውኃና ለም አፈር ያለበትን ሸለቆ እየመረጡ ስለያዙት፣ የአልፋልፋ ማሳውና የድርቆሽ መስኩ ዛሬም በአብዛኛው የግል ነው። ያኔ ማንም ያልፈለገው ደረቅ ተዳፋት ለመንግሥት ቀረ፤ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ በተለምዶ ቢኤልኤም የሚባለው፣ በኮሎራዶ የሚያስተዳድረው 8.3 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በአመዛኙ ይኸው ከሰፋሪዎች የተረፈ መሬት ነው። ሴጅብራሽ የሚባለው ግራጫ ቁጥቋጦ፣ አጫጭር ጥድና ፒንየን የሚበቅሉበት ይህ ትራፊ መሬት ነው እንግዲህ አጋዘን የብርድ ወራትን የሚያሳልፍበት። ቀን ቀን በተዳፋቱ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል፤ ሲመሽ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል።

እንግዲህ የሚፈለገው በበረዶው የታችኛው ጠርዝና በግል ይዞታው አጥር መካከል ያለው ቀበቶ ነው። ቀበቶው አንዳንድ ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ሌላ ቦታ አንድ ሸንተረር ብቻ ይሆናል። በቀበቶው ውስጥም ፊታቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የዞሩ ተዳፋቶች ይቀድማሉ፤ ፀሐይ በረዶውን ቶሎ ስለምታቀልጠው ምግቡ ይገለጣል፣ እንስሳውም ይሞቃል። ሰሜን የሚያዩት ጥላማ ጎኖች በአንጻሩ ለመደበቂያ እንጂ ለመሰማሪያ አይመቹም። በእኔ አስተያየት፣ ከቀበቶው ውጭ ካለ 50,000 ኤከር ይልቅ በቀበቶው ውስጥ ያለ፣ በእግር የሚደረስበት 2,000 ኤከር ይሻላል።

የሕዝብ የሆነ መሬት ሁሉ ለአደን ክፍት ነው?

አይደለም። ብሔራዊ ደንና የቢኤልኤም መሬት፣ በተለይ ካልተከለከለ በስተቀር፣ ፈቃድ ላለው አዳኝ ክፍት ነው። ብሔራዊ ፓርኮች ግን ለአደን ዝግ ናቸው፤ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ አጋዘን የቱንም ያህል ቢያምር ለመታየት ብቻ ነው። በስቴቱ ባለቤትነት ሥር ያሉ የዱር እንስሳት ቦታዎች በአብዛኛው ለአደን የተገዙ ስለሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ የመግቢያ ቀንና ገደብ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስቴት ትረስት መሬት በሚባለው ነው። በካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ስለሚታይ የሕዝብ ይመስላል፤ በኮሎራዶ ግን ይህ መሬት በዋነኛነት ለትምህርት ቤቶች ገቢ እንዲያስገኝ የተያዘ ነው፤ ለግጦሽ ወይም ለሌላ አገልግሎት የተከራየም ሊሆን ይችላል። ከጠቅላላው 2.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ውስጥ ለአዳኞች የተከፈተው የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ በኪራይ ያስከፈተው፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋው ክፍል ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዝግ ነው ማለት ነው። በአጎራባቹ ዋዮሚንግ ነገሩ ይገለበጣል፦ በሕጋዊ መንገድ የሚደረስበት የስቴት መሬት በመደበኛነት ለአደን ክፍት ሲሆን፣ ድንኳን ተክሎ ማደርና እሳት ማንደድ ግን አይፈቀድም።

ስለ ግል መሬትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በኮሎራዶ ባለ መሬቱ ምልክት የመለጠፍ ግዴታ የለበትም፤ ወሰኑን ማወቅ የአዳኙ ኃላፊነት ነው። በሕዝብ መሬት ላይ የመቱት አጋዘን አጥር ተሻግሮ ቢወድቅ እንኳ ተከትለው ለመግባት የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለብዎት። ስለዚህ ከአጥሩ ጥግ ላይ ሆኖ መጠበቅ ብልህነት ቢመስልም፣ ሕጉ የሚያስከትለውን ጣጣ አስቀድመው ያስቡ።

በካርታ ላይ የሕዝብ የሆነውን ቦታ ሁሉ መድረስ እችላለሁ?

በምዕራብ አሜሪካ በግል ይዞታ ስለተከበበ ሕጋዊ መግቢያ የሌለው የሕዝብ መሬት በሚሊዮን በሚቆጠር ኤከር ይለካል። መንስኤውም ታሪካዊ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መንግሥት ለባቡር ኩባንያዎች በሐዲዱ ግራና ቀኝ አንድ ማይል በአንድ ማይል የሆኑ ቁራጮችን አንዱን እየሰጠ አንዱን እየዘለለ ስላደለ፣ በደቡባዊ ዋዮሚንግ ያለው ካርታ እንደ ዳማ ሰሌዳ ሆነ። ሁለት የሕዝብ ቁራጮች የሚገናኙት በማዕዘናቸው ነጥብ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ የግል ናቸው።

በ2021 ከሚዙሪ የመጡ አራት አዳኞች በዋዮሚንግ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ የግሉን መሬት ሳይረግጡ በመሰላል ማዕዘኑን ተሻገሩ። በወንጀል ተከሰው በ2022 በዳኞች ጉባኤ ነፃ ወጡ፤ ባለ መሬቱ ያቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስም በማርች 2025 አሥረኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘንድ ውድቅ ሆነ፤ ውሳኔው የተመሠረተውም በሕዝብ መሬት ላይ አጥር ማጠርን በሚከለክለው የ1885 ሕግ ላይ ነው። በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደማይመለከት ስላስታወቀ ውሳኔው ጸንቷል። ኮሎራዶ፣ ዋዮሚንግ፣ ዩታና ኒው ሜክሲኮ በዚሁ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር ናቸው፤ ሞንታናና አይዳሆ ግን አይደሉም። ውሳኔው የሚጠብቀው የግሉን መሬት ሳይነካ የተሻገረን ሰው በመሆኑ፣ የስልክ ካርታ ጥቂት ሜትር ሊስት እንደሚችል እያወቁ ማዕዘን መፈለግ ለጀማሪ የሚመከር ነገር አይደለም። የሕዝብ መንገድ በቀጥታ የሚነካው መሬት ሳለ ለምን ወደዚያ ይኬዳል?

ቤት ሆኜ መሬቱን እንዴት ላጥናው?

ከስቴቱ የአደን አትላስ ይጀምሩ። በኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ የአጋዘን የብርድ ወራት መሰማሪያን፣ እጅግ ብርቱ ብርድ ሲመጣ የሚሰበሰቡበትን ቦታና የፍልሰት መስመሮችን በየንብርብሩ ያሳያል። በዚያ ላይ የመሬቱን ባለቤትነት ሲደርቡበት ቀደም ብለን የተናገርነው ቀበቶ ራሱ ብቅ ይላል። የባለቤትነቱን ወሰን ለማየት ኦንኤክስን የመሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች ይጠቅማሉ፤ ስልክ በብርድ ቶሎ ስለሚሞት ግን ቢጫው ቢኤልኤም፣ አረንጓዴው ብሔራዊ ደን፣ ሰማያዊው የስቴት፣ ነጩ የግል መሬት የሆነበትን የወረቀት ካርታ መያዝ ተገቢ ነው።

የፍልሰት መረጃ በአሥር ዓመት ውስጥ በጣም ተሻሽሏል። በ2018 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የአጋዘን፣ የኤልክና የፕሮንግሆርን የፍልሰት መስመሮችና የብርድ መሰማሪያዎች እንዲጠበቁ ትእዛዝ ካወጣ በኋላ፣ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ከስቴቶቹ ጋር ሆኖ በአንገት ማሰሪያ መከታተያ የተገኙ መስመሮችን ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዞች እያወጣ ነው። በዋዮሚንግ ከቀይ በረሃ ተነሥቶ እስከ ሆባክ ሸለቆ የሚደርሰው ፍልሰት በአንድ አቅጣጫ ብቻ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል የሚጓዝ እንስሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቀጠናዎ ሊወጣ ወይም ሊገባ እንደሚችል ልብ ይሏል።

ከዚያ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ቀጠናና ዙር ስንት አዳኝ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደቀናው፣ ስንት ነጥብ እንደጠየቀ በየዓመቱ ያወጣል። የስኬት መጠኑን ብቻ ማየት ግን ያሳስታል፤ ከፍ ያለ የስኬት መጠን በግል ራንች ላይ ካደኑ ሰዎች የመጣ ሊሆን ይችላልና ከሕዝብ መሬቱ ድርሻ ጋር አስተያይተው ያንብቡት።

በረዶው ሳይጥል ቢቀርስ?

ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነው፤ ሞቃት ኖቬምበር አጋዘኖቹን ከፍ ባለው ቦታ ያቆያቸዋል። የሚበጀው አንድ ከፍታ ብቻ ያለውን ሳይሆን፣ አስፐን የሚባለው ዛፍ ከሚበቅልበት ከፍ ያለ ጠርዝ እስከ ታችኛው ሴጅብራሽ ሳይቋረጥ የሚወርድ የሕዝብ መሬት ያለበትን ቀጠና መምረጥ ነው። ብሔራዊ ደኑና የቢኤልኤም መሬቱ ወሰን ለወሰን ከተነካኩ፣ አዳኙ እንደ በረዶው መጠን ይወጣል ወይም ይወርዳል። በመካከላቸው የግል ራንች ካለ ግን ሞቃት ዓመት ላይ አጋዘኖቹ ከላይ፣ አዳኙ ከታች ሆነው ወቅቱ ያልፋል።

የፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር በተራሮች ላይ የተከላቸው ስኖቴል የሚባሉ ጣቢያዎች የበረዶውን ጥልቀት በየዕለቱ በኢንተርኔት ያሳያሉ። ከመነሳትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በአቅራቢያው ያለውን ጣቢያ መከታተል፣ የመጀመሪያውን ቀን የት እንደሚያሳልፉ ለመወሰን ከማንኛውም ወሬ ይበልጣል። ስሪያውን የሚቀሰቅሰው ግን የቀኑ ርዝመት እንጂ ብርዱ አይደለም፤ በሞቃት ኖቬምበርም ቢሆን ወንዶቹ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ሴቶቹ ያሉበትን ይፈልጋሉ።

እንደ ምሳሌ የሚጠቀሱ አካባቢዎች አሉ?

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው የጋኒሰን ተፋሰስ ነው። ዙሪያውን በከፍተኛ ተራሮች የተከበበ ሰፊ ሳህን ሲሆን፣ ከየአቅጣጫው የሚወርዱት አጋዘኖች በጋኒሰን ከተማ ዙሪያ ባሉ የሴጅብራሽ ኮረብታዎች ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከእነዚህ ኮረብታዎች ሰፊው ክፍል ደግሞ የቢኤልኤም ነው። መሬቱ ገላጣ ስለሆነ ከአንድ ኮረብታ ላይ በባይኖኩላር ብዙ ኪሎ ሜትር ማየት ይቻላል። ችግሩ ይህን ሁሉም ሰው ማወቁ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ፈቃዱ ጥቂት፣ የሚጠየቀው ነጥብ ብዙ ነው። ከተማዋ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር እኩል መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው ተመሳሳይ ነውና አየሩም ይመሳሰላል ብሎ ካቦርት ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ወዮለት። ጋኒሰን በአሜሪካ ከቀዝቃዛ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ቀዝቃዛው አየር ሳህኑ ውስጥ ስለሚታቆር በኖቬምበር መጨረሻ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እጅግ ይወርዳል።

ሁለተኛው በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ የሚገኘው የፒሳንስ ተፋሰስ ነው። ከዋይት ወንዝ በስተደቡብ የተዘረጋ፣ በብዛት የቢኤልኤም የሆነ፣ ጥድና ፒንየን የሸፈነው፣ በሸንተረርና በደረቅ ሸለቆ የተቆራረጠ አገር ነው። ከምሥራቅ ካሉት ከፍ ያሉ ቦታዎች የሚፈልስ እጅግ ብዙ አጋዘን ይቀበላል። ከጋኒሰን በተለየ እዚህ ሩቅ ማየት አይቻልም፤ ዛፉ አጭር ቢሆንም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ አንድ አዳኝ ከአጋዘኑ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ዛፉ የተመነጠረባቸውን ወይም ቀደም ሲል እሳት የበላቸውን ገላጣ ቁራጮች በሳተላይት ምስል ለይቶ፣ ንጋት ላይ እነርሱን ከላይ ሆኖ መጠበቅ የተሻለው ዘዴ ነው። ሌላው የአካባቢው መልክ የተፈጥሮ ጋዝ ልማት ነው። የጉድጓድ ቦታዎቹና መንገዶቻቸው መግቢያ የከፈቱ ቢመስሉም፣ አንዳንዶቹ መንገዶች ለሕዝብ ዝግ ናቸው፤ አጋዘንም ሥራ የሚበዛበትን ጉድጓድ ይሸሻል። ሥራው የቆመባቸውን ሸንተረሮች መምረጥ ይበጃል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ትዕግሥት ያለውና ለዓመታት ነጥብ ያጠራቀመ ሰው ጋኒሰንን ቢመርጥ፣ ቶሎ መውጣትና መሬት መማር የሚፈልግ ደግሞ እንደ ፒሳንስ ያለ የሚያደክም አገር ቢመርጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከመንገድ ምን ያህል ልራቅ?

ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ። በበጋ ራቅ ብሎ መግባት ብዙ ጊዜ ትርፍ አለው፤ በመጨረሻው ወቅት ግን አጋዘኖቹ ዝቅ ብለው፣ አንዳንዴም ከመኪና መንገድ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ላይ ስለሚሆኑ፣ ከርቀቱ ይልቅ ከመንገድ የማይታይ ጉድባ ወይም ሸንተረር መኖሩ ይበልጣል። መንገደኛ አዳኝ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚያየውን ይቃኛል፤ የማያየውን ግን አይወጣውም። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ወይም መንገዱን አሻግሮ መተኮስ ሕገወጥ መሆኑንም ያስታውሱ።

ርቀትን የሚወስነው ሌላው ነገር ሸክሙ ነው። ከአንድ ጎልማሳ ወንድ አጋዘን አጥንቱ የወጣለት ሥጋ ብቻ ሠላሳ ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በበረዶ ላይ፣ በአጭር ቀን፣ ብቻውን ላለ ሰው ሦስት ማይል ትልቅ ርቀት ነው። በሕግ በተከለለው የዱር አካባቢ ውስጥ ሞተር ብቻ ሳይሆን ባለ ጎማ ጋሪም እንኳ የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚያ የሚያድን ሰው ጀርባውን ወይም በቅሎ ይዞ መምጣት አለበት።

መንገዱና ተሽከርካሪውስ?

በኖቬምበር የቢኤልኤም መንገድ ሁለት ጠባይ አለው። ንጋት ላይ እንደ ድንጋይ ደርቆ ያሳልፍዎታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ሸክላው ቀልጦ ጎማውን ያስውጠዋል። ስለዚህ ማልዶ መግባትና ሲበርድ መውጣት፣ ለአራቱም ጎማ ሰንሰለት፣ አካፋ፣ ብርድ ልብስና የሁለት ቀን ስንቅ መያዝ ቅንጦት አይደለም። የደን አገልግሎቱ በነፃ የሚያወጣው የሞተር ተሽከርካሪ ካርታ የትኛው መንገድ ከመቼ እስከ መቼ ክፍት እንደሆነ ያሳያል፤ አንዳንድ በሮች ወቅቱ ሳያልቅ ይዘጋሉና አጋዘን ያለበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን የሚያስገባውን በር ያረጋግጡ። የተዘጋ በር ግን ሁልጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ሌሎችን ስለሚያስቀር በእግር ለሚሄድ ሰው ስጦታ ነው።

ቦታው ላይ ደርሼ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሴቶቹን ይፈልጉ። በስሪያ ወቅት የሴቶች መንጋ ባለበት ወንዱ ይመጣል፤ ዛሬ ባይኖር ነገ ሊደርስ ይችላል። ንጋት ላይ ብርሃን ሳይገለጥ ከፍ ብለው ተቀምጠው፣ ባይኖኩላሩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርገው ተዳፋቱን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ይቃኙ። በአራተኛው ዙር ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በመራመድ ማባከን አይገባም። ሁለት ንጋት ሙሉ ሴት እንኳ ካልታየ፣ በረዶው ላይም ትኩስ ኮቴ ከሌለ፣ ቦታውን ለቆ አምስት መቶ ጫማ ያህል ዝቅ ወይም ከፍ ማለት ያስፈልጋል። እልህ ከዚህ ላይ አይረዳም።

ብርቱ ብርድ ካለፈ በኋላ ባለው ዓመት ምን ልጠብቅ?

የ2022–23 የብርድ ወራት በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶና በምዕራብ ዋዮሚንግ ብዙ አጋዘን ፈጅቷል፤ ግልገሎቹ በተለይ አለቁ። ኮሎራዶም በዚያው ዓመት በአካባቢው የፈቃዱን ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። የዚያ ዓመት ግልገል ከሌለ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ጎልማሳ ወንድ ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ የአሥር ዓመት አማካይ አይቶ ከማመልከት፣ የቅርቡን የመንጋ ቆጠራ ማንበብ ይሻላል።

የአጋዘን በሽታ ምርጫዬን ሊነካው ይገባል?

ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የተባለው አንጎልን የሚጎዳ ገዳይ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በ1967 በፎርት ኮሊንስ በጥናት ጣቢያ ውስጥ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነው፤ ዛሬ በኮሎራዶ በብዙ ቀጠናዎች አለ፤ ከሴቶች ይልቅ በጎልማሳ ወንዶች ላይ ይበዛል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ እንዳይበሉ ይመክራል። አንድን ቀጠና ለዚህ ብሎ መተው አስፈላጊ አይመስለኝም፤ በቀጠናዎ ምርመራ ግዴታ መሆን አለመሆኑንና ጭንቅላቱን የሚያስረክቡበት ጣቢያ የት እንዳለ ግን አስቀድመው ይወቁ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ለብዙዎቻችን አይከብድም፤ የአራተኛው ዙር መጨረሻ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጿሚው አዳኝ እስከ ገና መጠበቁ አይቀርም።

ሌላ ስቴት ብሄድ አይሻልም?

ነጥብ ለሌለው ሰው አንዳንዴ ይሻላል፤ ሆኖም የነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ሞንታና የአምስት ሳምንት የጠመንጃ ወቅቱ ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ እስካለው እሑድ ድረስ በመዝለቅ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ስለሆነ ስሪያውን ያካትት ነበር፤ በቅርብ ግን የአጋዘኑ ደንብ በመከለስ ላይ ስለሆነ የዓመቱን መጽሔት ማየት ግድ ነው። ብሎክ ማኔጅመንት የተባለው ፕሮግራሙ ከ1985 ጀምሮ የግል መሬትን ለሕዝብ አደን እያስከፈተ መሆኑ ለእንግዳ አዳኝ ትልቅ ዕድል ነው። ዋዮሚንግ የቢኤልኤም መሬቱ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የስቴቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በፌዴራል በተከለለ የዱር አካባቢ ውስጥ ያለ መሪ ትልልቅ እንስሳትን ማደን አይፈቀድለትም፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ። በአሪዞና የካይባብ አምባ ምዕራባዊ ጎን በኖቬምበር መጨረሻ ከአምባው የሚወርዱ አጋዘኖችን የሚቀበል ሲሆን፣ ፈቃዱ በዕጣ ብቻ ነው፤ በቀስት ለሚያድን ግን አሪዞና በዲሴምበርና በጃንዋሪ በብዙ ቀጠናዎች ያለ ዕጣ የሚገዛ ፈቃድ አላት፤ የቀጠናው የግዳይ ገደብ ሲሞላ አደኑ ይዘጋልና ከመነሳትዎ በፊት ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።